ፊቱን ወደ ሚስቱ ያዞረው ሰውዬ

የተከበራችሁ የፊልም ክበባችን አባላት፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁም፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ኮሪያ ድራማ እንድናገር መጋበዜን ስነግረው ባለቤቴ «ስለ ለቅሶው ነው ስለ ጃንጥላው?» ብሎ ቀለደብኝ። አልተሳሳተም። ብዙዎቻችን የምናውቀው የኮሪያ ፍቅር እንዲህ ነው፦ ዝናብ ሲጥል ከየት መጣ ሳይባል ጃንጥላ የሚዘረጋ ወንድ አለ። ወንዱ የትልቅ ኩባንያ ወራሽ ነው። እናቱ ልጅቷን ቡና ቤት ጠርታ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ትሰጥና «ከልጄ ራቂ» ትላታለች። ድራማው ሊያልቅ ሲል አንዳቸውን መኪና ይገጫል። እኔም አይቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌሎቹ ነው። በእነዚህ ድራማዎች ፍቅረኞቹን የሚፈትናቸው ሀብታም ተቀናቃኝ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የአማት ጓዳና ከሥራ መልስ ያለው ረጅም መንገድ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ2025 ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣው «ሕይወት መንደሪን ስትሰጥህ» ልጀምር። ታሪኩ ጄጁ ደሴት ላይ ነው። ኤሱን ገጣሚ መሆን የምትመኝ፣ እናቷ ባሕር ጠልቃ የምታሳድጋት ልጅ ናት። ግዋንሺክ ደግሞ እሷ ገበያ መሃል መጽሐፍ ስታነብ ጥቅል ጎመኗን የሚሸጥላት ዝምተኛ ልጅ ነው። በለጋነታቸው ይጋባሉ፤ ከዚያ በባሏ ወላጆች ቤት ምራትነት ይጀምራል። በዚያ ቤት ገበታው ሁለት ነው። ባል ከቤተሰቡ ጋር በትልቁ ይቀርባል፤ ሚስቱና ሴት ልጁ ጥግ ባለችው በትንሿ። አንድ ቀን ግዋንሺክ በተቀመጠበት ይዞራል። ጀርባውን ለትልቁ ገበታ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ መልሶ መብላቱን ይቀጥላል። ንግግር የለም፣ ጠብም የለም። የዞረው ግማሽ ዙር ነው።

ይህን ሳይ እናቴ አጠገቤ ነበረች። ኮሪያኛም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ ምን አሉ ብላም አልጠየቀችኝም። «አባትሽ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ አያትሽ ቤቱን በላያችን ታፈርሰው ነበር» አለችና ቡናዋን መቁላት ቀጠለች። ምራት ሆና ጓዳ ውስጥ ቆማ የበላች ሴት የዚያን ግማሽ ዙር ዋጋ ለማወቅ ትርጉም አያስፈልጋትም።

ታዲያ «እውነተኛ ነው» ስል ግዋንሺክን የመሰሉ ባሎች በየሰፈሩ ሞልተዋል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከባለጃንጥላው ወራሽ ይልቅ እሱ ይበልጥ ብርቅ ነው። እውነቱ ያለው ገበታው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ሊም ሳንግቹን ፍቅሩን ለክታ ያሳየችን ማን የት ተቀምጦ እንደሚበላ በማሳየት ነው። በነገራችን ላይ የድራማው የኮሪያ ርእስ በጄጁ ዘዬ «እጅግ ደከማችሁ» ብሎ ማመስገን ነው። የሴኡል ሰው ጆሮ ግን «ጉድ ተሠራችሁ፣ ተታለላችሁ» የሚል ይመስለዋል። ለትዳር ከዚህ የተሻለ ርእስ ካላችሁ ንገሩኝ።

ወደ ኪራዩ ልምጣ። በኮሪያ «ጆንሴ» የሚባል የቤት ኪራይ ዘዴ አለ። ተከራዩ በየወሩ አይከፍልም፤ በምትኩ ብዙ ጊዜ የቤቱን ዋጋ ግማሽና ከዚያም በላይ የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አስይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ይመለስለታል። ያን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከወላጅ ወይም ከባንክ። እኛ የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል ከሠርጋችን ቀለበት ቀንሰን ነበርና ነገሩ አልራቀኝም። የዚያ አገር ወጣቶች «ሳምፖ» የሚል ስም አላቸው፤ ሦስቱን ነገር የተዉ ማለት ነው፦ ፍቅርን፣ ትዳርን፣ ልጅን። በ2023 አንዲት ኮሪያዊት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው ልጅ በአማካይ 0.72 ነበር። ኮሪያውያን ደራሲዎች ስለ ፍቅር ሲጽፉ ይህ ቁጥር ከጀርባቸው አለ።

በ2017 የወጣው «ይህ የመጀመሪያ ሕይወቴ ነውና» የሚነሳው ከዚሁ ነው። ሴሂ ቤት አለው፤ የባንክ ዕዳው ግን አንገቱን ይዞታል። ጂሆ ለድራማ ጸሐፊዎች ረዳት ሆና የምትሠራ፣ ማደሪያ ያጣች ሴት ናት። ተከራይና አከራይ ሆነው፣ ለኪራይ ሲሉ ይጋባሉ። ነገሩ ለቀልድ የተመቸ ነው፤ ቀልዱ ግን የአማት ቤት የሙት ዓመት ድግስ ሲመጣ ያበቃል። ጂሆ ቀኑን ሙሉ ከምድጃ ሳትነሳ ትውላለች። የውሉ ትዳር ያኔ እውነተኛ ትዳር ይሆናል፤ በመሳም ሳይሆን በወገብ ሕመም። ሴሂም በተራው እሷ አገር ድረስ ወርዶ ለክረምቱ ኪምቺ የሚሉት የተቀመመ ጎመን ሲዘጋጅ ጉልበቱን ያፈሳል። የሥራ ዕዳ በሥራ ተከፈለ። የእኛ ሰው «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አገባው» ሲል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እዚያም ተመሳሳዩ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ለእኛ የቀረበ ነገር ላንሳ። «ሪፕላይ 1988» የተባለውን ድራማ ያያችሁ የሚዋደዱትን ቦራንና ሶኑን ታስታውሳላችሁ። የሁለቱም የቤተሰብ ስም ሶንግ ነው፤ የዘር ምንጫቸውም አንድ ነው። በኮሪያ የቀድሞ ሕግ አንድ የቤተሰብ ስምና አንድ የዘር መነሻ ያላቸው ሰዎች መጋባት አይችሉም ነበር። የኪምሄ ኪም የሚባለው ወገን ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አለውና ስንቱን ወጣት እንደከለከለ ገምቱ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1997 ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም አለ፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ2005 ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ባደገ ሰው ዓይን የቦራንና የሶኑን ጋብቻ የተቃወሙት ወላጆች ክፉ ሆነው አይታዩም። እኛ ግን ቢያንስ ሰባት ላይ እናቆማለን፤ እነሱ መቁጠሩን የሚጀምሩት ከመቶዎች ዓመታት በፊት ከኖረ አባት ነው!

በዚያው ድራማ ጆንግህዋን ዶክሱንን እንደሚወዳት ሳይነግራት ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ መኪናውን አስነስቶ ሲከንፍ ቀይ መብራት ደጋግሞ ይይዘዋል። ሲደርስ ሌላው ልጅ፣ የሰሌዳ ጨዋታ ተወዳዳሪው ቴክ፣ ግጥሚያውን ትቶ ቀድሞት ደርሷል። ጆንግህዋን መብራቱን አይረግምም፤ ጥፋቱ የራሱ ማመንታት እንደሆነ ለራሱ ያምናል። ጸሐፊዋ ሊ ዉጆንግ ይህን ስትጽፍ ስንት ወንድ በልቧ ይዛ እንደነበር እንጃ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ጥቂት አሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

በ2022 የወጣው «ሃያ አምስት ሃያ አንድ» ደግሞ አድናቂዎቹን አስቆጥቷል፤ ፍቅረኞቹ ዪጂንና ሂዶ ስለተለያዩ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈርቼላቸው ነበር። በ1997 መጨረሻ የኮሪያ ኢኮኖሚ ሲወድቅ የዪጂን አባት ይከስራል፤ ልጁ አባቱ ባጠፋው ገንዘብ ለሚያለቅሱ ሰዎች «ደስታ የሚባል ነገር አይኖረኝም» ብሎ ቃል ይገባል። ሂዶ ይህን ሰምታ «እንግዲያው እኔና አንተ ስንገናኝ ብቻ በድብቅ እንደሰት» ትለዋለች። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ዕዳና ሥራ ያደከመው ፍቅር ሲያልቅ ጥፋተኛ ፈልጎ ማጣት ያማል፤ ተመልካቹ የተናደደው ለዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ ማታ የምናየው የ2019ኙን «አንድ የጸደይ ሌሊት» የመጀመሪያ ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ አን ፓንሶክ ካሜራውን አያስቸኩልም። ሴትዮዋ ማታ ጠጥታ ባደረች ማግስት መድኃኒት ቤት ትገባለች፣ መድኃኒቱን ትጠጣለች፣ ቦርሳዋን ስትፈልግ የለም። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን በዱቤ መስጠቱ ሳያንስ የታክሲም ይጨምርላታል። እሷ የዓመታት ፍቅረኛ አላት፤ እሱ ብቻውን የሚያሳድገው ልጅ አለው። ሰውዬው ገንዘቡን ሲዘረጋላት ፊቷን እዩ፤ እኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ።

የሚያዛጋው ካለ ቡናው በስተኋላ ነው፤ በሩ አጠገብ ያላችሁ መብራቱን አጥፉልን።