«መቶውን ምድጃ በአንዴ ልሥራ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከጎንደር፣ አዘዞ የደወለ ወጣት፦ ብየዳ ቤት አለኝ። አዲስ የከሰል ምድጃ በወረቀት ነድፌ ጨርሻለሁ። ለበዓል ገበያ እንዲደርስ 100 በአንዴ ልሥራ ወይስ መጀመሪያ ናሙና?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ሥራ። ወረቀት ላይ ያለ ምድጃ አይግልም፣ እጅ አያቃጥልም። እኔም አንድ ጊዜ የቡና ምድጃ ነድፌ ነበር። ናሙናውን ለእናቴ ወሰድኩላት። ከሰሉ ተያያዘ፣ ጀበናው ተጣደ። ቡናው ሊፈላ ሲል ጀበናው ዘመመና ፍሙ ላይ ተደፋ። ለካ የጀበና መቀመጫ ክብ መሆኑን ረስቼ የምድጃውን አፍ ጠፍጣፋ አድርጌዋለሁ! ሦስት አጫጭር ብረት በየድኩበትና ጀበናው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። የከሰረው አንድ ቁራጭ ላሜራና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። 100 ሠርቼ ቢሆንስ ኖሮ?

አንዱን ሠርተህ ሁልጊዜ ቡና ለሚያፈላ ሰው ስጥ። አንተ ዝም ብለህ እይ። «እዚህ ጋ ያዢው» ካልክ ሙከራው ተበላሸ። ምድጃው ሲሸጥ አንተ ገዢው ቤት አብረህ አትገባም።

ከፒያሳ፦ ስንት ናሙና ይበቃል?

መልስ፦ የተቆረጠ ቁጥር የለም። እንግሊዛዊው ጀምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የአቧራ መጥረጊያ ማሽን እስኪያገኝ 5,127 ናሙና ሠርቷል። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሦስት ነገር ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ከማራኪ የደወለች ተማሪ፦ የእኔ ሐሳብ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። ስሪ ዲ ፕሪንተር (ከኮምፒውተር ንድፍ ዕቃ የሚሠራ ማሽን) የለኝም። በምን ልሞክር?

መልስ፦ እህቴ፣ ለቅርጹ ካርቶንና ማስቲሽ ይበቃሻል። አሜሪካዊው ጄፍ ሃውኪንስ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፓይለት የተባለ የእጅ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት፣ የሸሚዝ ኪስ የሚገባ እንጨት ጠርቦ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ይነካካው ነበር። ይመቻል ወይ የሚለውን ያለ አንድ ሽቦ አወቀ።

ፋብሪካ ስትሄጂ ግን ሞልድ ይሠራልሻል። ሞልድ የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት ነው፣ ውድ ነው። ክዳኑ ከሳሳ፣ ለፕላስቲኩ ቦታው እንዲሰፋ ሞልዱን መፋቅ ይቻላል። ከወፈረ ግን ብረት መልሶ መሙላት ይመጣል፤ እሱ ነው ከባዱ። መፍሰስ አለመፍሰሱን ደግሞ ካርቶን አይነግርሽም። ለዚያ ከገበያ ተመሳሳይ ክዳን ያለው ዕቃ ግዢ። ሽሮ ሙዪበትና ቦርሳሽ ውስጥ አጋድመሽ፣ ከማራኪ ፒያሳ በባጃጅ ሂጂ። ስትደርሺ ደብተርሽን እይው።