መጋጠሚያውን እዩት
ስለ ኦሳካው ኤክስፖ 2025 ለሥነ ሕንፃና ለሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን በጃፓኗ ኦሳካ ከሚያዝያ 5 ቀን 2017 እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ184 ቀናት ክፍት የነበረው ዓለም አቀፍ ዓውደ ርዕይ ነው። የመጣበት ሐሳብ የነገውን ኅብረተሰብ መንደፍ ነበር። ከ25 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናግዷል። ከሴል ተሠርቶ የሚመታ የልብ ሥጋ፣ ሰው ተቀምጦበት ታጥቦ የሚነሣበት ማሽን፣ በራሪ መኪና፣ ሁሉም ነበረ። ቪዲዮውን አይታችሁታል፤ እኔ እዚያ ላይ አልቆይም።

እኔ ማሳየት የምፈልገው መጋጠሚያዎቹን ነው፤ እንጨቱ ከእንጨት፣ ሕንፃው ከመሬት፣ ዓውደ ርዕዩ የተካሄደባት ደሴት ከከተማዋ የተያያዘችበትን ቦታ። «የተሳሰረ ኅብረተሰብ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ ማሰሪያው የቱ ጋ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የዓውደ ርዕዩን አዳራሾች ከሚከበው የእንጨት ቀለበት እንጀምር። ጃፓናዊው አርክቴክት ሶ ፉጂሞቶ የነደፈው ታላቁ ቀለበት ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የውጭ ዲያሜትሩ 675 ሜትር፣ ወርዱ 30 ሜትር ነበር። ከፍታው በውስጥ በኩል 12፣ በውጭ በኩል 20 ሜትር ይደርስ ነበር። ከላዩ ሰው ይንሸራሸርበት፣ ከሥሩ ከዝናብና ከፀሐይ ይጠለልበት ነበር። ከ61 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ስለነበረው በዓለም ትልቁ የእንጨት ሥነ ሕንፃ ተብሎ በጊነስ ተመዝግቧል። ከእንጨቱ 70 በመቶ ያህሉ ሱጊና ሂኖኪ የሚባሉ የአገሩ ዛፎች ናቸው፤ ሁለቱም ከእኛው ጽድ ጋር አንድ ወገን ናቸው። ቀሪው ከአውሮፓ የመጣ ነው።

አሠራሩ ኑኪ ይባላል። ቋሚው ይበሳል፤ አግዳሚው በቀዳዳው አልፎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ የቀረው ክፍተት ሽብልቅ ተመትቶበት ይጠብቃል። ኪዮቶ ያለው የኪዮሚዙ መቅደስ ሰገነት የቆመው በዚህ ዘዴ ነው። ጥቅሙ የሚታየው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። መጋጠሚያው በጥቂቱ ይዞራል፣ እንጨቱ እየተጨመቀ ጉልበቱን ይውጠዋል እንጂ በአንዴ ቀጭ አይልም። እንጨት ግንብን ሲይዝ ማየት የሚፈልግ ደብረ ዳሞ ወጥቶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉትን የግንድ ጫፎች ይመልከት። ዘዴው ሌላ ነው፤ ሁሉን በሚስማር የመጨረስ ልማዳችን ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣ መሆኑን ያሳያል።

ችግሩስ? እንጨት በቁመቱ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ በጎኑ ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል። ኑኪ ደግሞ ጭነቱን የሚቀበለው በጎኑ ነው። ስለዚህ ብቻውን ሲሆን ይወዛወዛል፤ ሺህ ሰው ለሚቆምበት የ20 ሜትር ከፍታ አይበቃም። ሌላው ጣጣ እርጥበት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽብልቁም ይላላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ተቸንክሮ በበጋ ሚስማሩ ሲላላ ያየ ሰው ይህ አይነገረውም። ኦሳካዎች ደርቆና በማጣበቂያ ተደራርቦ የተሠራ እንጨት ተጠቀሙ፤ መጋጠሚያው ውስጥም ብረት ጨመሩ። ግንባታው ለሦስት የሥራ ተቋራጭ ቡድኖች ተከፋፍሎ ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን የመጋጠሚያ ዝርዝር ይዞ መጣ። እንግዲህ «ብረት የሌለበት ጥንታዊ ጥበብ» ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። በእኔ እምነት ብረቱ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። የደሴቲቱ ስም ዩሜሺማ ነው፣ የሕልም ደሴት ማለት ነው። ሆዷ ግን ከባሕር የተዛቀ ደለልና የከተማ ቆሻሻ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ሁለት ጠባይ አለው፤ ይሰምጣል፣ ጋዝም ያወጣል።

ለመስመጡ ለተሳታፊ አገሮች ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ተንሳፋፊ መሠረት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሕንፃው የሚመዝነውን ያህል አፈር ከሥሩ ታወጣላችሁ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 2.4 ቶን የሚያርፍ ከሆነና አፈሩ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ከመዘነ፣ 1.5 ሜትር ስትቆፍሩ መሬቱ አዲስ ሸክም አይሰማውም። የሚበላሸው ሕንፃው በአንድ ወገን ሲከብድ ነው፤ ያኔ ያዘነብላል። ጉድጓዱ ውሃ ሲይዝም ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሕንፃው ገና ሳይከብድ መሠረቱ ሊነሣ ይችላል።

ጋዙ ሚቴን ነው። ቆሼን የሚያውቅ ያውቀዋል። መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በግንባታ ላይ በነበረ የመፀዳጃ ሕንፃ የብየዳ ፍንጣሪ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመውን ጋዝ አገኘው፤ የኮንክሪቱ ወለል ፈነዳ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሚቴን ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ከአየር ስለሚቀልም ወደ ላይ ይወጣና መውጫ ካጣ ወለሉን እንደ ክዳን አድርጎ ከሥሩ ይጠራቀማል። ስለዚህ በያጁ ቆሞ በሚሠራበት ከፍታ ብቻ የሚለካ መለኪያ ዋጋ የለውም። መለኪያው ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ ቱቦው፣ ወደ ማንሆሉ መውረድ አለበት። ያም ሆኖ ከመክፈቻው ጥቂት ቀናት በፊት በሙከራው ጊዜ ከአንድ ማንሆል በዚያው አደገኛ መጠን ሚቴን ተገኝቷል። መፍትሔው ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስና በየቀኑ መለካት ሆነ። እንደ ታዳሽ ኃይል ለኤግዚቢሽን አያምርም፤ ጎብኚውን በሰላም ያስገባው ግን እሱ ነው።

ደሴቲቱ ከከተማዋ የተገናኘችው በአንድ ድልድይ፣ በአንድ ዋሻና በዋሻው ውስጥ በሚያልፍ የሜትሮ መስመር ነው። 3.2 ኪሎ ሜትሩ የሜትሮ ቅጥያ ሥራ የጀመረው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በ2017ቱ የጥምቀት ዕለት ነበር። ነሐሴ 7 ቀን ማታ የባቡሩ ኃይል ተቋረጠ። 30 ሺህ ያህል ሰው ከደሴቲቱ መውጫ አጣ። አንዳንድ አገሮች አዳራሻቸውን ከፍተው አስጠለሉ፤ ቀለበቱም መተኛ ሆነ፤ ባቡሩ እንደ ልቡ የሄደው ሲነጋ ነው። ዕቅድ ስናወጣ «በሰዓት ስንት ሰው ይገባል?» እንላለን። «መስመሩ ሲቆም ስንት ሰው የት ያድራል፣ ውሃስ ከየት ይጠጣል?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ላይ የለም።

ስለ ትኬቱ በአጭሩ ልንገራችሁ። መግቢያው ኪውአር ኮድ፣ ክፍያው ሁሉ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነበር። በመክፈቻው ዕለት በሩ ላይ ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ተጨናነቀ፤ ኮዱ ስልክ ላይ አልከፈት አለ። ምክሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኮዱን ወረቀት ላይ አትማችሁ ኑ!

ብዙ የሚያከራክረው የመጨረሻው ክፍል ነው፣ መፍረሱ። በኦሳካው ደንብ ተሳታፊው ቦታውን አጽድቶ መመለስ ነበረበት። ዱባይ በ2014 ዓ.ም. ኤክስፖ 2020ን ስታካሂድ ሌላ መንገድ ነበር የመረጠችው፤ አብዛኛውን ሕንፃ ለነዋሪ ከተማ አስቀርታ፣ በ2016 ዓ.ም. የአየር ንብረት ጉባኤውን ኮፕ 28ን እዚያው አስተናገደችበት። ሁለቱም መንገዶች ያስኬዳሉ። የሚያስቸግረው መሐል ላይ መቆም ነው፤ ቀለበቱም የደረሰው ይኸው ነው። በሩ ተከፍቶ ጎብኚ እየገባ ሳለ እንኳ ምን ይሁን የሚለው ክርክር አላለቀም ነበር። በመጨረሻ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል 200 ሜትር ያህሉ እንዲቀር ተወሰነ። ከተፈታው እንጨት የተወሰነው በኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዳችው ለሱዙ ከተማ የመኖሪያ ቤት ሥራ ተመደበ። ለቀሪው እንጨት የተገኘው ፈላጊ ከታሰበው ያነሰ ነበር።

ምክንያቱ ከዚሁ ከመጋጠሚያው ይጀምራል። የተበሳ ቋሚ ድሮ በነበረው ጥንካሬው አይሸጥም፤ ቀዳዳው ጋ ቆርጦ ማሳጠር ይጠይቃል። ከዚያ ርጥበቱን መለካት፣ እንደገና ደረጃ ማውጣት፣ ማጓጓዝ፣ ዝናብ የማያገኘው መጋዘን መፈለግ አለ። ይህን ወጪ መክፈል ያለበት ገዢው ከሆነ፣ አዲስ እንጨት ይገዛል። ገና ሲሠራ እያንዳንዱ ግንድ የት እንደሚገባ ቢታወቅ ኖሮ፣ ርዝመቱና የቀዳዳው ቦታ በዚያው ልክ ይወጣ ነበር። የሉክሰምበርግ አዳራሽ ገና ከንድፉ ለመፈታታት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ከዚህ አንጻር መጠናት ያለበት ነው።

ቀጣዩ ትልቅ ኤክስፖ በሪያድ በጥቅምት ወር 2030 እ.ኤ.አ. ለመከፈት ታቅዷል። ከእናንተ መሐል እዚያ ሥራ የምታገኙ ትኖራላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የኑኪ ሞዴል ሁለት አንጓ አለው። ግራ ያለው ሽብልቅ ብቻ ነው፤ ቀኝ ያለው ብሎን ተጨምሮበታል። መዶሻውና ቁልፉ አጠገቡ ናቸው። አራት አራት እየሆናችሁ ቅረቡ፣ ፈትታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፣ የፈጀባችሁን ጊዜም ሰሌዳው ላይ ጻፉ።