ጆይስቲክ በስልክ፦ ዓይን አውራ ጣትን ከመጠበቅ ሲገላገል

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማነሣው ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ከራሴ ጋር ስከራከርበት የቆየሁት ስለሆነ ብቻዬን ላወራችሁ መርጫለሁ። ጉዳዩ በስልክ ጌም ስንጫወት ጆይስቲክ መያዝ ምን ይጨምርልናል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር አብዛኛው ሰው የሚያስቀድመው «ጆይስቲክ የያዘ ያሸንፋል ወይ?» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር የጆይስቲክ ትልቁ ስጦታ ለዓይናችን እንደሆነ ይሰማኛል። ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ።

በስክሪኑ ግራ ማዕዘን ላይ የምናየው ክብ መሪ ከነስሙ መሪ ይባል እንጂ ሥዕል ነው። አውራ ጣታችን ከክቡ መሐል ተነሥቶ ወደ ፊት ሲገፋ ዳሩ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚነግረው አንዳች ነገር የለም፤ መስታወቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ልስላሴ ነው ያለው። ጨዋታው ሲጋጋል ጣት ሳይታወቀው እየተንሸራተተ ከክቡ ይወጣል፤ እየሮጠ የነበረው አጥቂ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ዓይናችን ኳሱን ትቶ ጣታችንን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። እጅ ሲያልበው ደግሞ ጣት አንዴ ይጣበቃል፣ አንዴ ይሸሻል። አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ይህን ችግር ስለሚያውቁ አውራ ጣት ያረፈበትን ቦታ ሁሉ የመሪው መሐል አድርገው ይቆጥሩታል። ብልህ መላ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አውራ ጣቶች ራሳቸው የስክሪኑን ሁለት ማዕዘኖች እንደሚጋርዱ አያስቀርም፤ የባላጋራ ተከላካይም ሥራዬ ብሎ በተጋረደው በኩል የሚመጣ ነው የሚመስለው።

ጆይስቲክ ላይ ዘንጉን ስንገፋው ስፕሪንግ ወደ መሐል ይመልሰዋል፤ ዳሩ ላይ ሲደርስም ጠርዙ ያስቆመዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሌላው የሚለይበት ከፍታና ክፍተት ስላለው ጣት ያለበትን ቦታ በዳሰሳ ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ዓይን ጣትን ከመጠበቅ ሥራው ተገላግሎ ሜዳውን በሙሉ ለማየት ነጻ ይሆናል። ሌሎቹ ጥቅሞች፣ ለምሳሌ እጅ ከስልኩ ጀርባ ስለሚነሣ ሙቀቱ መዳፋችንን አለመፍጀቱ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ቁልፍ በነበራቸው ስልኮች ያደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በነገራችን ላይ ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በ1997 በኖኪያ 6110 ላይ የመጣው የእባብ ጌም የሚመራው በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ቁጥሮች ነበር፤ የለመደ ሰው ቁልፎቹን ፈጽሞ ሳያይ ይጫወተው ነበር። ስልኩ በሙሉ መስታወት ሲሆን ያ ችሎታ ቦታ አጣ። በ2011 ሶኒ ኤሪክሰን ከስክሪኑ ሥር የጌም ቁልፎች ተንሸራትተው የሚወጡለትን ኤክስፔሪያ ፕሌይ አቀረበ፤ ብዙም አልገፋበትም። በዚያው ዓመት አንድሮይድ 3.1 ጆይስቲክን መቀበል ጀመረ፤ አፕልም በ2013 የአይፎን ማሠሪያ ሶፍትዌር ከሆነው ከአይኦኤስ 7 ጋር በሩን ከፈተ፤ ነገር ግን የሚያስገባው አፕል ፈቃድ የሰጣቸውን ጆይስቲኮች ብቻ ነበር። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2019 ነው ባይ ነኝ፤ በአይኦኤስ 13 የፕሌይስቴሽን 4 እና የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲኮች በብሉቱዝ መሥራት ጀመሩ፤ ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ለስልክም ሆነ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ ጉዳዩ የተለየ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም የብዙዎቻችን እጅ ጆይስቲክን የለመደው በየሰፈሩ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ነው። ተሸናፊ በሚነሣበትና ከኋላ የቆመ ተመልካች ሁሉ አሠልጣኝ በሚሆንበት ክፍል ውስጥ፣ ኤክስ አጭር ቅብብል፣ ካሬ ምት፣ ክብ ረጅም ኳስ፣ ሦስት ማዕዘን መሐል ሰንጣቂ መሆናቸውን ያለ አስተማሪ ተምረናል። ይህ ትምህርት ከእጅ አይጠፋም። ታዲያ ያው ልጅ አድጎ ስልክ ሲይዝ ፒፒኤስኤስፒፒን ይጭናል። ፒፒኤስኤስፒፒ በ2012 የወጣ፣ ስልክን እንደ ፒኤስፒ፣ ማለትም በእጅ እንደሚያዘው የሶኒ ትንሽ ፕሌይስቴሽን፣ የሚያሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ በአቅመ ደካማ አንድሮይድ ስልክ ላይ እንኳ ስለሚሠራ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ በእኛ ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ነው። የኳስ ጌሞቹ ራሳቸው ያረጁ ቢሆኑም አድናቂዎች ማሊያውንና የተጫዋቾቹን ዝርዝር እያደሱ ከስልክ ስልክ ያስተላልፏቸዋል። ፋይሎቹ ከየት እንደሚመጡና ባለመብቱ ምን እንደሚል ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ጆይስቲክ ከምንም በላይ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጌሙ ሲሠራ ጀምሮ የታሰበው ለቁልፍ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቁልፎች የፒኤስፒ ቁልፎች ሥዕሎች ናቸው። አንድ ቅብብል በቅርበት እንመልከት። በክንፍ በኩል እየሮጥኩ ኳስ ለማሻገር ስፈልግ የመሮጫውን ቁልፍ፣ ማለትም የቀኝ ትከሻ የሚባለውን በላይኛው ጠርዝ ያለ ቁልፍ፣ ይዤ መቆየትና በዚያው ቅጽበት ክቧን መጫን አለብኝ። በመስታወት ላይ ሁለቱም ሥራ የሚወድቀው በአንዱ ቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው፤ ስለዚህ ወይ ሩጫውን ለቅቄ አሻግራለሁ፣ ወይ ሌባ ጣቴን ከስልኩ በላይ አጥፌ እንደ ጥፍር እዘረጋለሁ። ጆይስቲክ ስይዝ ሌባ ጣቴ ትከሻው ላይ እንዳረፈ ይቆያል፣ አውራ ጣቴ ክቧን ይጫናል፣ ተጫዋቹም ሳይቆም ያሻግራል። መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ስልክና ጆይስቲክ የያዘ ሰው ግን ባትሪው እስኪያልቅ መቀጠሉም ትንሽ ነገር አይደለም።

ማገናኘቱ ከባድ አይደለም፤ ቢሆንም ጥቂት የሚያደናግሩ ነገሮች አሉት። የፕሌይስቴሽን 4ን ጆይስቲክ ከስልክ ጋር ለማጣመር ሼር የሚለውን ቁልፍና መሐል ያለውን የፒኤስ ቁልፍ አንድ ላይ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ከዚያ በብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ከስልክ ጋር ከተጣመረ በኋላ ወደ ፕሌይስቴሽኑ ሲመለስ እንደገና በገመድ ማገናኘት ይጠይቃል፤ የጓደኛውን ጆይስቲክ ተውሶ የመለሰ ሰው ይህን ካልተናገረ «አበላሸህብኝ» መባሉ አይቀርም። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ደግሞ ብሉቱዝ ቢኖረውም በዚህ መንገድ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር አይጣመርም፤ ስለዚህ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለስልክ መግዛቱ አያዋጣም። የአክስቴ ልጅ ከአንድ ሱቅ ማሸጊያው ከዋናው የማይለይ ጆይስቲክ ገዝቶ ነበር፤ ስልኩ ግን ቁልፎቹን አዘበራርቆ ነበር የሚያነባቸው፤ ኤክስን ሲጫን ካሬው ይሠራል። ፒፒኤስኤስፒፒ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደገና ለመመደብ ስለሚፈቅድ እዚያ ላይ ችግሩ ተፈታ፤ በሌሎቹ ጌሞች ላይ ግን እንዲሁ ቀረ።

አሁን ወደ ተኩስ ጌሞች ልለፍ፤ ክርክሩ የሚከረው እዚህ ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል በጥቅምት 2019 ወጥቶ በሚቀጥለው ወር ጆይስቲክ መቀበል ሲጀምር አንድ ደንብ አብሮ አወጣ፤ ጆይስቲክ የያዘው ጆይስቲክ ከያዘው ጋር እንዲገጥም አደረገ። ፐብጂ ሞባይል በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ በሩን ዘግቶ ነው የቆየው፤ የጆይስቲኩን ቁልፍ ወደ ስክሪን ንክኪ በሚቀይሩ ሌሎች መተግበሪያዎች ተጠቅሞ የሚገባ ሰው አካውንቱ ሊዘጋበት ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን መንገድ እደግፋለሁ። የያዝነው መሣሪያ ስለሚለያይ ብቻ ማንም መከልከል የለበትም፤ ያልተስማማ ሰውም ሳያውቅ ከተለየ መሣሪያ ጋር መግጠም የለበትም።

ደግሞስ ጆይስቲክ የያዘ ሁሉ በተኩስ ጌም ይበልጣል የሚለው ራሱ እውነት ነው? በመስታወት ላይ እይታው የሚዞረው አውራ ጣት የተጓዘውን ርቀት ያህል ነው፤ ጣት ሲቆም እይታውም ይቆማል። በጆይስቲክ ግን ዘንጉ የሚወስነው የመዞሪያውን ፍጥነት ነው፤ ገፍተን እስከያዝነው ድረስ እይታው መዞሩን ይቀጥላል፤ ዒላማው ላይ ለማቆም በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በድንገት ወደ ኋላ ዞሮ መተኮስ ለሠለጠነ አውራ ጣት በመስታወት ላይ ይፈጥናል። በአራት ጣት የሚጫወቱና ስልኩን እያዘነበሉ በጋይሮስኮፕ የሚያነጣጥሩ ልጆች ጆይስቲክ ብትሰጧቸው ለሳምንታት ሲሸነፉ ነው የሚከርሙት። እንቅስቃሴ ላይ ዘንግ ያሸንፋል፤ ማነጣጠር ላይ ነገሩ አከራካሪ ነው።

በመሐል ያለች አንዲት ግራ የምታጋባ ዕቃም አለች፤ በስልኩ ላይኛው ጠርዝ ላይ የምትቆነጠጥ ማስፈንጠሪያ። የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው ሰውነታችን በኤሌክትሪክ መስኩ ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ማስፈንጠሪያዋም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጫፍ ስላላት ያንን ከጣታችን ወደ መስታወቱ ታሻግራለች። ባትሪ የላትም፣ ብሉቱዝ የላትም፣ ለጌሙም ያው የጣት ንክኪ ናት። ማጭበርበር ናት እንዳልል ጣት ከሚሠራው በላይ አትሠራም፤ አይደለችም እንዳልል ደግሞ ሌላው ሰው ያላገኘውን የቁልፍ ስሜት ትሰጣለች። እኔ በጓደኛሞች ውድድር ላይ አስቀድሞ ከተነገረ እቀበላታለሁ።

ለመንካት የተፈጠሩ ጌሞችንም አልርሳ። በጣት እየጎተቱ የሚያዛምዱት ጌም፣ ቼዝ፣ ካርታ፣ እነዚህ ላይ ጆይስቲክ ሸክም ነው፤ ጠቋሚን ከካሬ ወደ ካሬ እየገፉ ማድረስ አንድ ጊዜ በጣት ከመንካት የሚሻልበት ምክንያት የለም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል ራሱ ሲጀምር ጆይስቲኩ የሚሠራው ግጥሚያው ውስጥ ብቻ ነበር፤ መሣሪያ ለመምረጥ እጅን አንሥቶ ስክሪኑን መንካት ግድ ይል ነበር።

ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ነገር ልበል። የዘንግ ጆይስቲክ በሽታው መንሸራተት ነው፤ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ በራሱ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። ምክንያቱ በብዙዎቹ ውስጥ የዘንጉን አቅጣጫ የሚለካው ክፍል እርስ በርሱ እየተፋተገ የሚሠራ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ማለቁ ነው። በማግኔት የሚለኩት፣ ሆል ኢፌክት የሚባሉት፣ መፋተግ ስለሌላቸው ከዚህ በሽታ በእጅጉ ይድናሉ፤ እኔም ለአዲስ ጆይስቲክ ገንዘብ ባወጣ ከቀለሙና ከመብራቱ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው። ስልክን መሐል አስገብተው እንደ ክንፍ ከሁለት ወገን የሚይዙት፣ እንደ በ2020 የወጡት ባክቦን ዋንና ሬዘር ኪሺ ያሉት፣ ለእጅ ይመቻሉ፤ ግን የቻርጅ ቀዳዳው ዓይነት ሲቀየር አብረው ያረጃሉ፤ አይፎን በ2023 ወደ ዩኤስቢ ሲ ሲዞር የቀድሞው ቀዳዳ የነበራቸው ከአዲሱ ስልክ ጋር መግጠም አልቻሉም። በብሉቱዝ የሚሠራና ስልክ መያዣ የሚቆነጠጥበት ጆይስቲክ ግን ስልክ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይቆያል። የመያዣውን ማጋደል አጥብቃችሁ ፈትሹ፤ ከባድ ስልክ ወደ ፊት የሚደፋ ከሆነ የእጅ አንጓችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነግራችኋል። ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ፤ ደኅና ሁኑ።