አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ

እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ላወራችሁ የፈለኩትም ስለ እድር ነው። አዎ፣ ስለ እድር። ባለፈው አንዲት እህት ወንድሟ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከሆስፒታል ሊወጣ መሆኑን ነግራኝ "ከዚህ በኋላ እንዴት ነው የሚኖረው?" ብላ በድምፅ ልካልኝ ነበር፣ እና ሳስበው ሳስበው ሀሳቤ እዛ ወሰደኝ።

እኔ ሚኒባስ ተገልብጦ ነው የተጎዳሁት፣ ስድስት አመት ሆነኝ። ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም፣ አይሰማኝምም። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ስለ መራመድ ነው፣ "አሁን ትንሽ ትንሽ አልጀመርሽም?" ይሉኛል። የአለም ጤና ድርጅት ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራል ይላል፣ ያ ሁሉ ሰው እስኪራመድ ኑሮው አይቆምም እኮ። ውስጤን የበላኝ ሌላ ነገር ነበር።

ቤት በገባሁ በሶስተኛው ወር የሰፈራችን የሴቶች እድር ተሰብስቦ ወሰነልኝ፣ መዋጮዬን ብቻ እየከፈልኩ ከስራ ነፃ እንድሆን፣ ለቅሶ ቤት ባልመጣም መቀጮ እንዳይነካኝ። በፍቅር ነው ያደረጉት፣ ሆስፒታል ሳለሁ ተራ ገብተው ምሳ ሲያመላልሱልኝ የነበሩት እነሱ ናቸው። ግን እድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው እድርተኛ የሚሆነው በብሩ አይደለም፣ ድንኳን ውስጥ ሲታይ ነው፣ ሲቀር "የት ሄደች?" ሲባል ነው። እኔን "የት ሄደች?" የሚል ጠፋ። ሁለት አመት ሙሉ ሰፈሬ ውስጥ ማን እንደሞተ ከአልጋዬ ላይ ጥሩንባ እየሰማሁ ነው የማውቀው።

ከዛ ጎረቤታችን እማማ አረፉ፣ በጉያቸው ያደግኩ ነኝ። ድንኳኑ ከበራችን 40 ሜትር አይሞላም። ወንድሜን በቃ ውሰደኝ አልኩት። ጓሮ ስደርስ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሁሉም ብድግ ብድግ አሉና "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ" አሉኝ። እናንተም ተቀምጣችሁ ነው የምትልጡት፣ ቢላዋ ስጡኝ አልኳቸው። ዝም ዝም ተባባሉና አንዷ ሳፋውን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አይኔ እያነባ ላጥኩ፣ ለእማማ ይሁን ለሽንኩርቱ ለይቼ አላውቅም።

በኋላ አንዷ የጋለ ድስት ልታስይዘኝ ስትመጣ ጮህኩባት። ደነገጠች። ከዛ ነገርኳቸው፣ አንዴ ትኩስ ሻይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳላውቀው ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነው ቆዳዬ ተልጦ ያየሁት፣ ሊድን ሁለት ወር ፈጀ። በየ15 በየ20 ደቂቃው በክንዴ ተደግፌ መቀመጫዬን ካላነሳሁ ቁስል እንደሚያወጣብኝም ነገርኳቸው። ይሄን ሁሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፣ እኔም ተናግሬው አላውቅም። አሁን አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ወሬ መሀል ሰአቷን ታይና "ደርሷል ልጄ" ትለኛለች፣ እኔ ብድግ እላለሁ፣ ወሬው ይቀጥላል።

እና እህቴ፣ ወንድምሽ ቤት ሲገባ ሁሉም "እረፍ" ይለዋል። ምን መስራት እንደሚችል እሱን ጠይቁት። ቁስሉን፣ ሽንቱን፣ አታፍሩ፣ ጠይቁት።

ሽንት ካልኩ አይቀር፣ እኔ በየአራት በየስድስት ሰአቱ በካቴተር፣ ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ መሽናት አለብኝ። ንፁህ ቦታ ካላገኘሁ ወይ ትቼ እሄዳለሁ ወይ ውሃ ሳልጠጣ እውላለሁ፣ ውሃ ሳልጠጣ ስውል ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞኝ ሳምንት እተኛለሁ። አንድ ሰው ለቅሶ ቤት ስንት ሰአት እንደሚቆይ የሚወስነው ሀዘኑ መሆን ነበረበት፣ ለእኔ የሚወስነው ሽንት ቤቱ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የህዝብ መገልገያ ህንጻ በዊልቸር የሚገባበት መንገድና ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መፀዳጃ ይኑረው ብሎ ነበር። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ከአዋጁ በኋላ ነው የተሰራው፣ መግቢያው አራት ደረጃ ነው፣ የሽንት ቤቱ በር ዊልቸሬን አያስገባም።

ባለፈው ወር ሳላሳውቅ አንድ ቀብር ቀረሁና እንደማንኛዋም ሴት ቀጡኝ፣ 50 ብር። ከፈልኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጬዋለሁ። እሁድ ስብሰባ አለን፣ የአዳራሹን ደረጃና የሽንት ቤቱን በር አጀንዳ አስይዣለሁ፣ የበሩን ስፋት ወንድሜ ትናንት ለክቶልኛል፣ 58 ሳንቲሜትር ነው፣ ዊልቸሬ 66።