ዚዮን ስለተባለ ሁሉ አይፈጥንም
(አዳማ ላይ ለተሰበሰቡ የአይሲቲ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከየትምህርት ቤቱ፣ ከየጤና ተቋሙና ከየማኅበሩ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አካም ጅርቱ። የግዥ ክፍል ሰዎችም ከኋላ ተቀምጣችሁ አይቻችኋለሁ። ደግ አደረጋችሁ፤ ዛሬ የምፈልገው እናንተን ነው።

አዘጋጆቹ «ስለ ሰርቨር አያያዝ ተናገሪ» ብለውኛል። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የሚያንገበግበኝን ላውጣው።

ዚዮን የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ስም ነው፤ ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል። ያረጀ ዚዮን ስሙ ስለከበደ ብቻ በውድ እየተገዛ ነው። በስራ የሚበልጠው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ «እሱ እኮ ላፕቶፕ ነው» እየተባለ ይናቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር። ለፕሮሰሰርም እንደሚሰራ ግን እዚህ ሙያ ውስጥ ነው ያየሁት።

ስሙን የማልጠራው አንድ መስሪያ ቤት አለ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እባካችሁ እርስ በርስ አትጠቃቀሱ። የጨረታ ሰነዱ ላይ «ፕሮሰሰር፦ ዚዮን፣ 8 ኮር» ብሎ ጻፈ፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሰራ ክፍል ነው። በቃ። ሞዴል የለ፣ የወጣበት ዓመት የለ፣ ዋት የለ። ነጋዴው ምን ያድርግ? የተጠየቀውን አመጣ። ዚዮን ኢ5-2670። 8 ኮር፣ 16 ትሬድ። ትሬድ ማለት ጎን ለጎን የሚሄድ የስራ መስመር ነው። ሰነዱን አንድም ሳያጎድል ያሟላል። ኢንቴል ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ማዘርቦርዱ ሁለት ፕሮሰሰር ይይዛል፤ አንዱ ሶኬት ባዶውን መጣ። ማን ጠይቆ?

እቃው የገባ ቀን ኃላፊው ራሳቸው ሰርቨር ሩም ድረስ ወረዱ። ማብሪያው ሲጫን ፋኖቹ ተነሱ፤ ግቢው በሙሉ ሰማ። «አያችሁ! ሰርቨር ማለት ይህ ነው!» አሉ። ጩኸቱን ጉልበት አድርገው ቆጠሩት። ከዚያ የሂሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ ተጫነበት። የወር መጨረሻ ደረሰ። ሪፖርቱ ይታዘዛል፤ ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፤ ሪፖርቱ ገና ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ በኔትወርኩ ተላከከ። ኬብል ለውጡ ተባልን፣ ለወጥን። ቀጥሎ በሶፍትዌሩ ተላከከ። በመጨረሻ በማን? በእኛ በባለሙያዎቹ! «አቅም የላችሁም» ተባልን። ሁለት ወጣት ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ለግምገማ ተጠርተዋል።

አንድ ቀን ሲመረኝ ያንኑ ዳታቤዝ የሂሳብ ሰራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ላፕቶፑ ራይዘን 7 5800ዩ ነው፤ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው። እሱም 8 ኮር፣ 16 ትሬድ። «ልዩነቱ የዲስክ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ያንን ጠርጥሬ ሰርቨሩ ላይ ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ አስገብቼ ነው የሞከርኩት። መረጃው አንድ፣ ሪፖርቱ አንድ። ላፕቶፑ ጨርሶ ቁጭ ሲል ሰርቨሩ ገና ይነፋል። ኃላፊው ቆመው አዩ። አዩና ምን አሉ? «ላፕቶፑ ላይ ቫይረስ ስለሌለ ይሆናል።»

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኮሩ እኩል፣ ትሬዱ እኩል። የዚዮኑ መነሻ ፍጥነት 2.6 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 2.6 ቢሊዮን ምት ነው፤ ሲገፋ 3.3 ይደርሳል። የላፕቶፑ መነሻ 1.9 ነው። ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስራ ሲመጣ 4.4 ይወጣልና። ደግሞም ጊጋኸርዙ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ፕሮሰሰሩ በአንድ ምት ስንት ትዕዛዝ ይጨርሳል የሚለው ነው። አሮጌው ሳንዲ ብሪጅ የሚባለው ትውልድ ነው፣ በ32 ናኖሜትር የተሰራ፤ ከ2 ቢሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) አሉት። አዲሱ ዜን 3 የሚባለው ትውልድ ነው፣ ይበልጥ በረቀቀው በ7 ናኖሜትር የተሰራ፤ የግራፊክሱን ጨምሮ ከ10 ቢሊዮን በላይ። በአንድ ኮር በሚሰራ ስራ ላይ አዲሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙው የቢሮ ሶፍትዌር ደግሞ የሚጠብቀው ያንን አንድ ኮር ነው።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። የዚዮኑ ዋት 115 ነው። የላፕቶፑ 15፤ ላፕቶፕ ሰሪው ከፍ ቢያደርገው 25። ለአጭር ጊዜ ከዚያም ያልፋል፤ አልደብቅም። ግን 115 ዋት ቀንና ሌሊት ሙሉ ጭነት ላይ ቢቆይ በቀን 2.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው፤ ራሙ፣ ፋኑ፣ ዲስኩ አልተቆጠረም። ያ ሁሉ መብራት መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀቱን ለማስወጣት ኤሲ ይገዛል፤ ኤሲውም መብራት ይበላል። አዳማ ላይ! ሙቀት የጎደለን እኛ ነን? ዳገቱ ላይ የሚዞሩት የነፋስ ተርባይኖች የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። የተተከሉት ግን ባዶ ሶኬት ያለው ሰርቨር እንዲጮህ አይደለም!

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ደግሞ የአሮጌውንም ልናገር። እሱ እንደ ድሮው የጭነት መኪና፣ እንደ ኤንትሬ ነው፤ ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ጭነት ግን ይችላል። ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ 64 ጊጋባይት ራም ላይ ያቆማል፤ ዚዮኑ ከ300 በላይ ይይዛል። የራም ስህተት የሚያርም ኢሲሲ አለው። 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ስላለው ብዙ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ይሰካበታል። ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ ሲጫን ይግልና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ቀላል ቀላል ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰሩ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን) ደርድሮ ለማስኬድ፣ ባክአፕ ለማስቀመጥ፣ ተማሪ ለማለማመድ አሮጌው ዛሬም ይረባል። በርካሽ ካገኛችሁት ውሰዱት። ሂሳብ ክፍሉን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ እያልኩም አይደለም። እኔን ያናደደኝ ዋጋው ነው፤ ከዋጋውም በላይ ሰነዱ ላይ የተጻፈው ያ ባለ አንድ መስመር የእቃ መግለጫ (ስፔክ)።

   

አሮጌውን ሶፍትዌርም ጥሎት እየሄደ ነው። ኢ5-2670 ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10፣ ደግሞ ያለ እሱ አይሰራም።

የግዥ ክፍል ጓደኞቼ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሰነዱ ላይ «ዚዮን» ብላችሁ አትቁሙ። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን አስጽፉ፣ የወጣበትን ዓመት ጠይቁ፣ ዋቱን ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት የራሳችሁን የወር መጨረሻ ሪፖርት እቃው ላይ አስኪዱት። ነጋዴው እንቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ባለሙያችሁንም ከግዥው በፊት ጥሩት፤ እቃው ከከዳችሁ በኋላ ለግምገማ ብቻ አትጥሩት!

ስለ ሰርቨር አያያዝ ደግሞ፦ የአዳማ አቧራ ፋን ይገድላል፤ ቶሎ ቶሎ አስነፉት። የዩፒኤስ ባትሪ መብራት ሳይጠፋ ፈትሹ። ባክአፑን መልሳችሁ ጭናችሁ ሞክሩት።

ያ ላፕቶፕ ዛሬ እዚህ አለ፤ ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች። የራሳችሁን ፋይል ማስኬድ የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ እኔ ጋ ኑ። አመሰግናለሁ።