ቤት ስንቀይር የአትክልት መርዙን የት እናድርሰው?

(ምስል፦ ካርቶን የሞላው ሳሎን። ካሜራው ወደ ዕቃ ቤቱ በር ይጠጋል።)

ሶፋው ወጥቷል። ሳህኑ ተጠቅልሏል። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል። ያኔ ነው አንዱ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ "ይሄስ?" የሚለው። ግማሽ የቀረ ፀረ-አረም፣ አቧራ የጠጣ ፀረ-ተባይ፣ የአይጥ መርዝ።

በዚያ ጥድፊያ መጀመሪያ የሚታሰበው ሽንት ቤት ደፍቶ ውሃ መልቀቅ ነው። እባካችሁ ተዉት። የፍሳሽ ማጣሪያ ለእንዲህ ዓይነት ኬሚካል አልተሠራም፤ ብዙው ሳይጣራ ያልፋል። የመንገድ ዳር ቦይማ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ-ተባዮች ደግሞ በጥቂቱም ዓሣ ይፈጃሉ። ማቃጠልም አይሆንም፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱን እንደምትለቁ ባወቃችሁ ሰሞን ከሁሉ በፊት ዕቃ ቤቱን ፈትሹ። ደህናውን ለተሠራለት ነገር፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቅማችሁ ጨርሱት። "ይለቅልኝ" ብሎ እጥፍ መርጨት ግን ያው መድፋት ነው። ካልጨረሳችሁት ለሚጠቀምበት ጎረቤት ስጡ፤ በራሱ ዕቃ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ።

(ምስል፦ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውስጡ ጥቁር ፈሳሽ።)

"በራሱ ዕቃ" ብዬ ችክ የምለው ያለ ነገር አይደለም። ፓራኳት የሚባል ፀረ-አረም አለ። በለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጦ ተቀምጦ፣ ሰዎች መጠጥ መስሏቸው ጠጥተውት ሞተዋል። ማርከሻ የለውም። በኋላ አምራቾቹ ሰማያዊ ቀለም፣ የሚከረፋ ሽታና የሚያስመልስ ነገር ጨመሩበት። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሁለት ግማሽ ጠርሙስ አንድ ላይ መቀላቀልም ያው ነው። ምን እንደሚፈጠር አታውቁትም።

ጽሑፉ የጠፋበት ጠርሙስ ካለ አሽትታችሁ ለመለየት አትሞክሩ። (የሚሞክር አይጠፋም!) ዲዲቲ፣ አልድሪን ወይም ክሎርዴን የሚል የድሮ ዕቃ ካገኛችሁም አትጠቀሙበት፣ ለማንም አትስጡ። ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማገድና ለመገደብ በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከዘረዘራቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ቦታ የአደገኛ ቆሻሻ መረከቢያ ነው። የት እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚረከብ ቆሻሻ የሚሰበስበውን አካል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ባዶው ጠርሙስስ? ፈሳሽ የነበረበትን ሩብ ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ ለ30 ሰከንድ ናጡት። ሦስት ጊዜ። እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ ተክሉ ላይ ይረጫል እንጂ ቦይ አይገባም። ከዚያ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት ጠርሙሱን ብሱት። ጋዝ ያለበትን የሚረጭ ጣሳ ግን እንዳትበሱ፤ ይፈነዳል።

(ምስል፦ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ጠርሙሶች ሰፌድ በሚያህል የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ቆመው።)

ዕቃ አጓጓዦች አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል አይጭኑም። ራሳችሁ ስትወስዱ በሳፋ አቁማችሁ፣ ዙሪያውን በሰጋቱራ ደግፋችሁ፣ ከምግብና ከልጆች አርቃችሁ ኋላ ጫኑት። ከፈሰሰ ውሃ አትልቀቁበት፤ ይበልጥ ይሰራጫል። አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በትናችሁ እስኪመጥ ጠብቁ፤ ጥረጉት፤ በላስቲክ አስራችሁ ከቀረው ጋር አስረክቡ። ጓንቱን ከማውለቃችሁ በፊት ጓንቱን ራሱን በሳሙና እጠቡት፤ ከዚያ እጃችሁን።