ካላስጮኸ አይሽርም?
(ለማሳጅ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ልጆቻችሁን ለማየት የመጣችሁ እናቶች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ማሸት ጥቅም አሥር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ጥቅሙንማ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የመጣሁት «ካላስጮኸ አይሽርም» ከምትባለው አባባል ጋር የቆየ ጠብ ስላለኝ ነው።

በ1984 ዓ.ም. የአንድ ክፍለ ሀገር ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ወጌሻ ማለት ምን እንደነበር የስታዲየም ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ የሚያቃጥል ቅባት፣ ከዚያ ሩጫ። የግራ ተመላላሻችን ከአጥቂ ጋር ሲጋጭ የሰውየው ጉልበት ታፋው ላይ አረፈ። ጨዋታውን እያነከሰ ጨረሰ። ማታ ሆቴል ስንገባ ታፋው አብጦ፣ ጠጥሮ፣ ግሏል። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ! አስተኝቼው፣ ቅባቱን አፍስሼ፣ «የረጋውን ደም ላፍርሰው» ብዬ በአውራ ጣቴና በክርኔ አንድ ሰዓት ያህል ደቆስኩት። ልጁ ትራሱን ነክሶ ያለቅሳል። አሠልጣኙ በር ላይ ቆሞ «በርታ፣ ይጩህ!» ይለኛል። በማግስቱ ደገምኩት። በሦስተኛውም ቀን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ከግማሽ በላይ አልታጠፍ አለ። ቁጢጥ ማለት አቃተው። ጣቴን ታፋው ላይ ስሰድ ድንጋይ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ራጅ ተነሣ፤ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። ጡንቻው መሃል ነጭ ነገር አለ። አጥንት ነው! ክፉኛ በተመታ ታፋ ውስጥ ደም ይቋጠራል፤ ትኩሱን ካሹት መድማቱ ይብሳል፣ አንዳንዴም ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል። ማድረግ የነበረብኝ በረዶ መያዝ፣ ጉልበቱን አጥፎ ማቆየትና ልጁን ማሳረፍ ነበር። በረዶው ደግሞ ከክፍላችን ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ሆቴሉ ቡና ቤት ውስጥ ነበር።

ልጁ ያን ዓመት ሜዳ አልገባም። እኔን ግን የወቀሰኝ የለም፤ «ወጌሻው ለፍቷል» ተባልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ምስጋና ነው።

እና ልጆቼ፣ የሰው ጩኸት መድኃኒት አይደለም! ጡንቻ ሲያመው ራሱን ሊከላከል ይኮማተራል፤ እናንተ ስትገፉ እሱም ይገፋችኋል። የተኛው ሰው ትንፋሹን ከያዘ፣ የእግሩን ጣቶች ካጠፈ፣ አብዝታችኋል። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ ከፍያለሁ!» የሚል ደንበኛ ከመጣባችሁ ገንዘቡን መልሱለት!

በመዳፍ ከእግር ወደ ልብ አቅጣጫ በመዳበስ ጀምሩ። ሰውነቱ ሲላላ እንደ ሊጥ እሹት። አውራ ጣት መጨረሻ ነው የሚመጣው። (በነገራችን ላይ ኤፍለራዥ (መዳበስ)፣ ፔትሪሳዥ (እንደ ሊጥ ማሸት) የሚሉትን ስሞች ያስለመደው የሆላንዱ ሐኪም ሜዝገር ነው፤ ፈተና ላይ «የስዊድኑ ሊንግ» (የጂምናስቲክ መምህሩ) ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ አሉ።)

አንድ ባት ብቻ አብጦና ሞቆ ካገኛችሁ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ እጃችሁን አንሡ። የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀጥታ ሐኪም ቤት!

ደግሞ አሽታችሁ «በል ሂድ» አትበሉ። እጁ አልነሣ ያለውን ሰው ትከሻውን ካላላችሁለት በኋላ ግድግዳ ላይ በጣቶቹ እየዳኸ ያውጣው፤ ቤቱም ይድገመው። ያለዚያ በሳምንቱ እዚያው ነው። ስለ ወገብም ላወራ ነበር፣ መድረክ መሪው ሰዓቱን እያየ ነው።

ሰርተፍኬት ስትቀበሉ እጃችሁን እጨብጣለሁ፤ ጥፍሯን ያሳደገች ወይም ያሳደገ ካገኘሁ አልሰጥም። ቀልድ አይደለም፣ ጥፍር መቁረጫ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። አመሰግናለሁ።